ካርነር ምንድን ነው?

በኦስትሪያ ትንንሽ ከተሞች፣ ከደብሩ ዋና ቤተ ክርስቲያን ጥቂት እርምጃ ፈንጠር ብሎ፣ አናቱ እንደ ጎጆ የሾለ ክብ የድንጋይ ቤት ቆሞ ይታያል። ብዙ ጎብኚ ክርስትና ማንሻ ቤት ይመስለዋል። ነገሩ ግን የሕይወት መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻው ነው፤ ካርነር ይባላል። ከሥሩ የሙታን ዐፅም ይከማቻል፣ ከላዩ ቅዳሴ ይቀደሳል።

ስሙ ከላቲኑ «ካርናሪየም» የመጣ ነው፤ ሥሩ «ካሮ»፣ ማለትም ሥጋ። ትንሽ ፌዝ አለበት፤ እዚያ የሚገባው ሥጋው ካለቀ በኋላ ነውና።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ምእመን የሚቀበረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ነበር። ግቢው አይሰፋም፣ ሟች ደግሞ አያልቅም። ስለዚህ የአንዱ ጉድጓድ ዓመታት ቆይቶ ለሌላው ይቆፈራል። በአዲስ አበባ አድባራት ቦታ ጠቦ ዐፅም ሲነሣ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። የተነሣው ዐፅም እንደ ጉድፍ አይጣልም፤ ትንሣኤን የሚጠብቅ ነውና ከተቀደሰው መሬት መውጣት የለበትም። መፍትሔው በዚያው ግቢ ውስጥ ማደሪያ መሥራት ሆነ።

የካርነር አሠራር ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ምድር ቤቱ ግማሹ መሬት ውስጥ የገባ፣ ለብቻው በር ያለው የዐፅም ማከማቻ ነው። በላዩ ጸሎት ቤቱ ይቀመጣል፤ በምሥራቅ በኩል መሠዊያው የሚቆምበት ግማሽ ክብ ክፍል ወጣ ብሎ ይታያል። ከታች ያለው ክፍል ከፍ ስለሚያደርገው ወደ ላይኛው በር የሚገባው በደረጃ ነው። ካህኑ ለሙታን ሲቀድስ ሙታኑ በቀጥታ ከእግሩ ሥር ናቸው። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ነፍስ ከሞት በኋላ የምትነጻበት ሥፍራ አለ ብላ ስለምታስተምር፣ የሕያዋን ጸሎት የመንጻቷን ጊዜ ያሳጥርላታል ይባል ነበር። እኛ ዘንድ ፍትሐትና ተዝካር አለ፤ ትምህርቱ ግን ያው አይደለም። ብዙዎቹ ካርነሮች በቅዱስ ሚካኤል ስም መሰየማቸውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ በምዕራቡ ሥዕል መልአኩ ሚዛን ይዞ ነፍሳትን ይመዝናል።

ክብነቱስ? እዚህ ላይ ዓይን ወደ ኢየሩሳሌም ይዞራል። በክርስቶስ መቃብር ላይ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ክብ ስለነበር፣ በአውሮፓ የመቃብር ጸሎት ቤት ሲያስቡ ክብ አድርገው ማሰብ ልማድ ሆነ። በጀርመን ፉልዳ፣ አበምኔቱ አይጊል እ.ኤ.አ. ከ820 እስከ 822 በመነኮሳት መቃብር ላይ ያሠራው የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ቀደምት ምሳሌ ነው፤ የምድር ቤቱን ጣሪያ መሐል ላይ የቆመ አንድ አጭር ዓምድ ይሸከመዋል። የእኛው ላሊበላም ጎልጎታና ሚካኤልን ጎን ለጎን ፈልፍሏል። አንዱ ከሌላው ቀዳ ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱም ያዩት ወደ አንድ ከተማ ነው።

የካርነር ወርቃማ ጊዜ 12ኛውና 13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ማለትም የሮማንስክ አሠራር የመጨረሻው ምዕራፍ። ሮማንስክ ማለት ወፍራም ግድግዳ፣ ጠባብ መስኮት፣ አናቱ ግማሽ ክብ የሆነ ቅስት ነው። ሁሉንም በአንድ ቦታ ማየት የፈለገ ከቪየና ወደ ምዕራብ፣ በዳኑብ ዳር ወዳለችው ቱልን ይሂድ። ከቅዱስ እስጢፋኖስ ደብር አጠገብ ያለው ካርነር በ1240ዎቹ አካባቢ የተሠራ ሲሆን ለሦስቱ ሰብአ ሰገል የተሰየመ ነው። ከውጭ ሲቆጥሩት አሥራ አንድ ማዕዘን አለው። ስምንት ወይም አሥራ ሁለት ቢሆን ምሥጢሩን ለመገመት ይቀል ነበር፤ አሥራ አንድ ግን ያስቸግራል። ዝናው ያለው በሩ ላይ ነው፤ ቅስት በቅስት እየተደራረበ ወደ ውስጥ ይጠብባል፣ በየእርከኑ ቀጫጭን ዓምዶች ቆመዋል፣ ቅስቶቹም የመጋዝ ጥርስ በሚመስል ቅርጽ ተጠርበዋል። ለዐፅም ቤት እንዲህ ያለ በር መሥራት ያኔ የሞተ ሰው ምን ያህል ክብር እንደነበረው ይናገራል። በሞድሊንግ ያለው የቅዱስ ጰንጠሌዎን ካርነር በአንጻሩ ሙሉ ክብ ነው፤ በኋላ ዘመን በላዩ ባሮክ በተባለው ያጌጠ አሠራር የተሠራ አናት ስለተደፋበት ከሩቅ ሲያዩት ዕድሜውን ይደብቃል።

ልማዱን ያዳከመው የንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ ማሻሻያ ነው። በ1780ዎቹ መካነ መቃብር ከመኖሪያ ወጣ ብሎ እንዲሆን ሲታዘዝ፣ ብዙ ካርነሮች ሥራ ፈቱ፤ አንዳንዱ ዕቃ ቤት ሆነ፣ አንዳንዱ ፈረሰ። በተራራና በሐይቅ መካከል በተጣበቀችው የኦስትሪያ መንደር ሃልሽታት ግን መሬት ስለሌለ ልማዱ ቀጠለ። እዚያ ያለው የሚካኤል ጸሎት ቤት ሮማንስክ አይደለም፤ ሥራው ግን ያው ነው። ወደ 1,200 የሚጠጉ የራስ ቅሎች ተደርድረውበታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አበባና የቅጠል ጉንጉን ተስሎባቸው፣ የባለቤቱ ስም ተጽፎባቸዋል። የመጨረሻው የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ በ1983 ያረፈች፣ እዚያ ልቀመጥ ብላ የተናዘዘች ሴት ነች። የወርቅ ጥርሷ አሁንም ይታያል።