ሰርዶ ለምን ተመልሶ ይበቅላል? ስለ ግቢ አረም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ግቢ አረም ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። አንዱ ጨው በትኑበት ይላል፣ ሌላው የፈላ ውሃ ድፉበት፣ ሦስተኛው ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት። ሁሉም የሚመልሱት «ምን ይገድለዋል?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ከዚያ በፊት ግን ይህ ተክል ስንቁን የት ነው ያስቀመጠው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። በዘሩ ብቻ የሚተርፍ አረም አለ፣ አንድ ወፍራም ስር ላይ የሚተማመን አለ፣ ከመሬት በታች የሚሳብ ግንድ ያለውም አለ። ይህ ከታወቀ ከምክሮቹ ግማሹ ወዲያው ይወድቃል።

«ቅጠሉ ከደረቀ አረሙ ሞቷል»

ለሰላጣ የምንጠቀምበት አቼቶ 5 በመቶ ገደማ አሴቲክ አሲድ አለው። ፀሐይ ባለበት ቀን ሲረጭ ቅጠሉ በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል፣ በማግስቱ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። አሲዱ ግን የነካውን ያቃጥላል እንጂ ወደ ስር አይወርድም። ገና ሁለት ሦስት ቅጠል ያወጣ ከዘር የበቀለ ቡቃያ በዚህ ይሞታል፣ የሚያገግምበት ስንቅ የለውምና። ሰርዶና እንግጫ ግን ስንቃቸው አፈር ውስጥ ስለሆነ ብዙም ሳይቆዩ አዲስ ቅጠል ይዘው ብቅ ይላሉ። ለአረም ተብሎ የሚሸጠው 20 በመቶ አሲድ ያለው ዓይነት ዓይንና ቆዳን ክፉኛ ይጎዳል፤ ያም ሆኖ ስሩ ጋ አይደርስም።

የፈላ ውሃም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው። በንጣፍ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ለበቀለ ነገር ግን ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው፤ አፈር ውስጥ የሚተወው ቅሪት የለም፣ ወጪውም ውሃ ማፍላት ብቻ ነው። ክፍት ጫማ አድርጎ አለማፍሰስ ነው።

«ጨው፣ አቼቶና የዕቃ ሳሙና ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም»

በዚህ ውህድ ውስጥ ሳሙናው ፈሳሹን ቅጠሉ ላይ ያጣብቃል፣ አቼቶው ያቃጥላል። ችግሩ ጨው ነው። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ሲበዛ የሸክላ አፈርን አሠራር ያፈርሳል፤ አፈሩ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ውሃም አያሰርግም። ጨው አይበሰብስም። ዝናብ ሲመጣ አጥቦት ወደ አበባው ወይም ወደ ዛፉ ስር ይወስደዋል። በዚያ ላይ ሰርዶ ጨው ከሚችሉ ሣሮች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ጨው የበተነ ሰው ጽጌረዳውን አጥቶ ከሰርዶው ጋር ሊቀር ይችላል።

የተቃጠለ ዘይትና ላምባ ደግሞ ጭራሽ መነሳትም የለባቸውም። አሮጌ የሞተር ዘይት ከባድ ብረቶችን ይዞ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ወደ ከርሰ ምድር ውሃም ሊሰርግ ይችላል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀልም ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባን የሚያቃጥል መርዝ ነው።

«በደንብ ከተቆፈረ ያልቃል»

ይህ ለሰነፍ የተሰጠ ምክር አይደለም፣ ስለዚህ ነው የሚያሳዝነው። ሰርዶን ጎትተው ያውጡና በእጅዎ ይዘው ይዩት። ከላይ አረንጓዴው ሐረግ አለ፤ ከሥር ደግሞ ነጭ፣ ጫፉ የሾለ፣ አፈሩን እየበሳ የሚሄድ ግንድ። ስር ይመስላል እንጂ ስር አይደለም፤ በትንሽ በትንሹ ርቀት አንጓ አለው፣ በየአንጓው ላይም የተኛ እምቡጥ አለ። በዶማ ሲከተከት አንጓ ያለው እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን የቻለ ተክል ይሆናል። ቆፋሪው ጠዋት አንድ ሰርዶ ይዞ ጀምሮ ማታ መቶ ችግኝ ተክሎ ይገባል ማለት ነው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች አህያ፤ በዶማ ከሆነ ግን ምኞቷ አይሞላም።

መቆፈር የሚጠቅመው በአካፋ ሳይሆን በመንሽ ዓይነት ጣት ባለው መሣሪያ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ከፈት አድርጎ ግንዱን ሳይበጥሱ በሙሉ ርዝመቱ ለመሳብ ነው። አንድ ወፍራም ስር ወደ ታች ለሚሰዱት አረሞችም ዘዴው ይኸው ነው፤ አንገቱ ላይ ከተበጠሰ ከቀሪው ስር እንደገና ያቆጠቁጣል። ከዘር ለበቀለ ጥቃቅን ቡቃያ ግን ተቃራኒው ይሠራል፦ አፈሩ ደርቆ ፀሐይ ሲከር ከላይ በመኮትኮቻ ፋቅ ማድረግና እዚያው እንዲጠወልግ መተው።

እንግጫ ደግሞ ሌላ ነው። ግንዱን በሁለት ጣት መካከል ሲያሽከረክሩት ሦስት ጠርዝ ይሰማል፤ ሣር አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል። ሲነቀል በቀላሉ ይወጣል፣ የሚያታልለውም ይህ ነው። ከሥር በቀጭን ክር የተያያዙ ትናንሽ እንክብሎች አፈር ውስጥ ይቀራሉ፣ የላይኛው ሲነሳም የተኙት ይነቃሉ። ያም ቢሆን ተስፋ አለው። እያንዳንዱ አዲስ ቅጠል የሚወጣው ከእንክብሉ በተወሰደ ስንቅ ነው። ቡቃያው አምስት ስድስት ቅጠል አውጥቶ አዲስ እንክብል መሥራት ከመጀመሩ በፊት በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ከተቆረጠ ስንቁ እየሳሳ ይሄዳል። አንድ ወቅት በትጋት ተሠርቶ በሁለተኛው ከተተወ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው።

«ዘንድሮ ከጸዳ ጨርሰናል»

አፈር የዘር ጎተራ ነው። ዊልያም ጄምስ ቢል የተባለ አሜሪካዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1879 (እ.ኤ.አ.) የተለያዩ ተክሎችን ዘር በጠርሙስ ከአሸዋ ጋር አድርጎ ሚሺጋን ውስጥ ቀበረ። ጠርሙሶቹ በየጊዜው አንድ አንድ እየተባሉ ይወጣሉ። በ2021 ከወጣው ጠርሙስ ውስጥ ከ140 ዓመት በላይ የተኙ ዘሮች በቀሉ። አብዛኛው የአረም ዘር እንዲህ አይቆይም፣ ግን ጥቂት ዓመት መቆየት ለብዙዎቹ የተለመደ ነው። ብዙ ጥቃቅን ዘሮች ለመብቀል ብርሃን ይሻሉ፤ አፈሩ ሲገለበጥ ከሥር የነበሩት ወደ ላይ ይወጣሉ። ቆፍረን ባጸዳን በሳምንቱ ግቢው አረንጓዴ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው ሌላውን ሁሉ ቢተው እንኳ አንድ ነገር አይተው፦ አበባው ዘር ሳይዝ መቁረጥ።

«ኬሚካል ሁሉንም ይገድላል፣ ሲበዛ ደግሞ ያፈጥናል»

ፀረ አረም ሁሉ አንድ አይደለም። ቱ-ፎር-ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ይገድላል እንጂ ሣርን ብዙም አይነካም፤ ሰርዶ ላይ መርጨት ገንዘብን መርጨት ነው። በነፋስ ሄዶ የደረሰበት ቲማቲም ወይም ወይን ግን ቅጠሉ ይጨማደዳል። ከ1974 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ገበያ ላይ ያለው ግላይፎሴት ደግሞ ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ይመታል። በቅጠል ገብቶ ተክሉ ስኳሩን በሚያወርድበት መንገድ እስከ ስር ይጓዛል፤ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው፣ ሰው የሚያበላሸውም ይህንኑ ነው።

መጠኑን ያበዛ ሰው ቅጠሉን ቶሎ ያቃጥልና መድኃኒቱ የሚወርድበትን መንገድ ይዘጋል። አጭዶ ወዲያው የረጨ ሰው መግቢያውን ቅጠል ቀድሞ አጥቷል። ረጭቶ በማግስቱ የቆፈረ ደግሞ ጉዞውን አቋርጧል፤ ምልክቱ ለመታየት አንድ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ግላይፎሴት ከአፈር ቅንጣት ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ በደፈረሰ ውሃ መበጥበጥ ወይም አቧራ የለበሰ ቅጠል ላይ መርጨት ያዳክመዋል። ውሃ የጠማው ተክልም መድኃኒቱን በደንብ አያወርድም። አፈር ውስጥ ያለ ዘርን ደግሞ ጨርሶ አይነካውም።

ስለ ጤና፦ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 ግላይፎሴትን ለሰው «ካንሰር አምጪ የመሆን ዕድሉ የሰፋ» ሲል መደበው፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በበኩሉ ካንሰር የማምጣቱ ዕድል አነስተኛ ነው የሚል አቋም ያዘ። እኔ ለትንሽ ግቢ መጀመሪያ የማነሳው ዕቃ አይደለም። የሚጠቀም ሰው ጓንትና ሙሉ ልብስ ይልበስ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይርጭ፣ የዕቃውንም ጽሑፍ ያንብብ።

«ላስቲክ ከተነጠፈ በኋላ ምንም አይበቅልም»

ነጭ፣ ብርሃን አስተላላፊ ላስቲክና ጥቁር ላስቲክ ሥራቸው ይለያያል። ነጩ በበጋ ሐሩር እርጥብ አፈር ላይ ጠርዙ ተቀብሮ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲቆይ የላይኛውን አፈር አሙቆ ብዙ ዘር ይገድላል። በቀዝቃዛ ወቅት ከሆነ ግን አረሙን በሙቀት እንደመንከባከብ ነው። ጥቁሩ ብርሃን በመከልከል ስለሚያስርብ ወራት ይፈልጋል፤ እንግጫ ደግሞ ስስ ላስቲክን በሹል ጫፉ በስቶ ይወጣል። ጠጠር ሥር የሚነጠፈው ጨርቅም ከጊዜ በኋላ አቧራና ቅጠል ስለሚጠራቀምበት ዘሩ ከላይ ይበቅላል፣ ስሩም ጨርቁ ውስጥ ይሰካል፤ ያኔ መንቀሉ ከበፊቱ ይብሳል። ለአበባ መደብ ካርቶን ነጥፎ በላዩ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ጉዝጓዝ ማልበስ ይሻላል፤ በየጊዜው መሙላት ግን አለበት።

«የተነቀለውን ኮምፖስት ውስጥ መጣል ነው»

ዘር ያልያዘ ለስላሳ አረም ይጣል። ዘር የያዘው ግን ክምሩ ውስጡ 55 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ደርሶ ለቀናት ካልቆየና እየተገላበጠ ካልሆነ ዘሩ ይተርፋል፤ የቤት ክምር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል አይሞቅም። የሰርዶን ግንድና የእንግጫን እንክብል አፈር በማይነካው ቦታ፣ ሲሚንቶ ወይም ቆርቆሮ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል። ግንዱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከለመጠ ገና ሕይወት አለው።