የድብደባና የአካል ጉዳት ወንጀሎች በጅማ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የኦሮሚያ ከተማ ናት። በከተማዋም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የቡና ወረዳዎች ሰው ሰውን ቢመታ፣ ቢያቆስል ወይም ቢያስፈራራ የሚጠየቀው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ይህ ሕግ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተክቷል።

ከሁሉ የሚቀለው የእጅ እልፊት ነው (አንቀጽ 560)። በጅማው ገበያ በሂርማታ መርካቶ በዋጋ የተጣላ ሰው ሌላውን በጥፊ ቢመታ ወይም ገፍትሮ ቢጥል በዚህ ይከሰሳል። ብዙ ተበዳይ እዚህ ላይ ይደናገጣል፤ ሰንበር፣ እብጠትና ቶሎ የሚያልፍ ሕመም ብቻውን በሕጉ እንደ አካል ጉዳት አይቆጠርምና።

ጉዳቱ ከዚያ ሲያልፍ ስለ ቀላል የአካል ጉዳት የሚደነግገው አንቀጽ 556 ይመጣል። ሁለት ጎረቤታሞች ከብት የቡና ስጥ ረገጠ ብለው ተጣሉ እንበል። አንዱ በቡጢ መትቶ የሌላውን ጥርስ ቢያነቃንቅ ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ሊሆን ይችላል። ቡና የሚመነጥርበትን ገጀራ አንስቶ ክንዱን ቢያቆስለው ግን መሣሪያው ራሱ ነገሩን ያከብደዋል፤ ቅጣቱ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ይሆናል። ያው ገጀራ እጁን ከቆረጠው ደግሞ ከባድ የአካል ጉዳት ነው፤ አንቀጽ 555 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

ስለዚህ ክሱ በየትኛው አንቀጽ እንደሚቀርብ ለመወሰን የሐኪም ማስረጃ ትልቅ ድርሻ አለው። እብጠት ይሟሽሻል፣ ቁስል ይጠግጋል፤ ቀናት ካለፉ በኋላ የሚመረምር ሐኪም ያላየውን ሊጽፍ አይችልም። ተበዳይ ዕለቱን መታየት አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

እልፊት፣ ተራው ቀላል ጉዳትና ማስፈራራት የሚያስቀጡት ተበዳዩ አቤት ሲል ነው። አቤቱታውም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን አንስቶ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል። በዚሁ ጊዜ የበዳይ ቤተሰብ ሽማግሌ ይልካል፤ በኦሮሚያም በ2013 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ባህላዊ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ ዕውቅና አግኝተዋል። ዕርቅ ለጎረቤታሞች መልካም ነው። ከባድ ጉዳት ግን የግል አቤቱታ አይጠብቅም፤ ሽማግሌ ካሣ አስከፍሎ ቢያስታርቅም ዐቃቤ ሕግ ክሱን መቀጠል ይችላል።

እጅግ የሚያሳዝነው ይህ የሽምግልና መንገድ በባሏ የተደበደበችን ሴት አፍ ማስያዣ ሲሆን ነው። አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስ ጉዳት በእነዚሁ ድንጋጌዎች እንደሚያስቀጣ በግልጽ ይናገራል፤ ያለጋብቻ አብረው የሚኖሩትንም ይጨምራል። «የቤት ጉዳይ ነው» ብሎ መመለስ በሕጉ መሠረት የለውም። ሕጉ ራሱ የጎደለውም አለ፤ የአስገድዶ መድፈር ድንጋጌው በጋብቻ ውስጥ የሚፈጸመውን አይሸፍንም።

በቸልተኝነት የሚደርስ ጉዳት፣ ለምሳሌ የባጃጅ አደጋ፣ በአንቀጽ 559 ይታያል። ራሱን ከጥቃት የተከላከለ ሰው ደግሞ መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር ከተመጣጠነ አይቀጣም።

የጅማ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን የማይችል አማርኛ ተናጋሪ ተከሳሽ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብለታል።