ከሰል አንድዶ ስለ ደን ማውራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ላይ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ስለ ደን ጭፍጨፋ ሲወያይ ቡናው የሚፈላው በከሰል ነበር። አንድ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ሳቀብን። ሳቁ ይገባናል፤ አስከትሎ የሰነዘራቸው ወቀሳዎች ግን ግማሻቸው ስህተት ነው፤ የኛም መልስ እንደዚያው።

«ከሰል የሚያነድ ስለ ደን አይናገርም።» ከሰል ሁሉ ከአንድ ቦታ አይመጣም። አዊ፣ ፋግታ ለኮማ ውስጥ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ግራር በገዛ ማሳው ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ያከስላል፤ መልሶም ይተክላል። ይህ ከተፈጥሮ ደን በስርቆት ተቆርጦ ከሚከስለው ጋር አንድ አይደለም። ችግሩ፣ ገበያ ላይ ማዳበሪያው ሲፈታ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። እኔም ከየት እንደመጣ ጠይቄ የገዛሁበት ቀን ጥቂት ነው።

«ዋናው ጥፋት ፌስታል ነው።» ይህን የምንለው ፌስታል ዓይን ላይ ስለሚወድቅ ነው። በአገራችን ቤቶች ከፍተኛውን ማገዶ የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። ዙሪያው ተሸፍኖ እሳቱን የሚይዘው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ያድናል። እኔ ግን ዘንቢል ይዤ ገበያ መውጣት የጀመርኩት የእናቴ ጉልቻ ከመቀየሩ ሁለት ዓመት ቀድሜ ነው። ዘንቢሉን መንገደኛው ሁሉ ያየዋል፤ የጉልቻውን ጭስ የሚያውቀው የእናቴ ዓይን ብቻ ነበር።

«የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛ ተገላገለ።» ከማገዶ እጅግ ይሻላል፤ የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ ነውና። ሆኖም ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ የጣና ውኃም በበለስ የኃይል ማመንጫ በኩል ተርባይን ለማዞር ይወርዳል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሊጡ አይጠብቅም፤ ወደ ማገዶው እንመለሳለን።

«ችግኝ የተከለ ዕዳውን ከፈለ።» ይህኛው የኛ የራሳችን ማጽናኛ ነው። ችግኝ ካርቦን የሚይዘው ሲያድግ ነው፤ እኛን ወደ ጮቄ ግርጌ ያደረሰው ናፍጣ ግን በዕለቱ ተቃጥሏል። በጥር ተመልሰን ስናይ ብዙው ችግኝ ከነጥቁር ላስቲኩ ተቀብሮ፣ ሥሩ እዚያው ውስጥ ተጠምጥሞ ደርቋል። ላስቲኩን እየነቀልን በማዳበሪያ ሰበሰብነው። ስንቆጥረው ከጸደቀው ችግኝ ይበልጥ ነበር።