የወላጅ ተሳትፎ ምንድን ነው?

በቅርቡ እዚሁ ሐዋሳ ስለ ተማሪዎች ስፖርትና አመጋገብ የተጻፈ የአንድ ትምህርት ቤት ሪፖርት እንዳነብ ተሰጠኝ። «የወላጅ ተሳትፎ» በሚለው ርዕስ ሥር የተያያዘው ማስረጃ የስብሰባ ፊርማ ብቻ ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ አስተያየት ሰጪ «ተሳትፎ ማለት ክትትል ነው፤ ልጁ ምን እንደበላ፣ ስንት ደቂቃ እንደሮጠ ወላጅ ይቆጣጠር» ብለው ጻፉ። በሥነ ምግብ ሙያ ከወላጆችም ከልጆችም ጋር ስሠራ ይህ ቃል አንዴ ፊርማ፣ አንዴ ቁጥጥር ሆኖ ሲተረጎም ሰምቼ ሰምቼ ሰልችቶኛል። ፊርማው ምንም አይጠቅም፣ ምንም አይጎዳ። ቁጥጥሩ ግን ይጎዳል።

ጎመን ጥሩ ነው፣ ለስላሳ ስኳር ይበዛበታል እያልኩ አልደግምም፤ ያልሰማ ወላጅ የለም። የማወራው አፍላ ጉርምስና ላይ ስላሉ፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ስለሆናቸው ልጆች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብና ትንፋሹን ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ከ10 ልጆች 8ቱ ያህል ይህን አያሟሉም።

ተሳትፎ ስል፣ ወላጅ ልጁ የሚያድግበትን ቤት ለዚህ ማመቻቸቱን ማለቴ ነው። ማዕዱ ላይ ምን ይቀርባል? በስንት ሰዓት? ልጁ የሚጫወትበት ጊዜና ፈቃድ አለው?

በሲዳማ ጓሮ እንሰት ሲተከል ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ችግኙ መጀመሪያ ተጠጋግቶ ያድጋል። ከዚያ ተነቅሎ ራቅ ራቅ ተደርጎ ይተከላል፤ ቆይቶ እንደገና ይዛወራል፣ ርቀቱም ይጨምራል። ለዋሳ (ለቆጮ) እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ፍጉ ግን በየደረጃው ከቤት ነው የሚመጣው፣ የሚደረገውም ሥሩ ላይ ነው። ቶሎ እንዲያድግልኝ ብሎ ቅጠሉን ወደ ላይ የሚጎትት ገበሬ አላየሁም።

የ12 ዓመት ልጅ የሚዛወርበት ጊዜ ላይ ነው። በ6 ዓመቱ እያጎረስን አሳድገነዋል፤ አሁን ርቀቱ መስፋት አለበት። አስተያየት ሰጪው ግን ልክ በዚህ ጊዜ ጠጋ በሉ፣ ቅጠሉን ቁጠሩ ይሉናል። እኛ ሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ሥራውን እንዲህ እናካፍላለን፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፤ ምን ያህል እንደሚበላ ልጁ ይወስናል። «ሰሃንህን ሳትጨርስ አትነሳም» ሲባል ያደገ ልጅ የራሱን ጥጋብ ማዳመጥ ይተዋል። ብስኩት ገዝቶ ቁም ሳጥን ውስጥ መቆለፍም አይረዳም። የተከለከሉትን ምግብ ሲያገኙ ልጆች አብዝተው እንደሚበሉት በሙከራ ታይቷል። ይልቅ ብስኩቱን በየሳምንቱ አለመግዛት፣ በቦታው ቆሎና ሙዝ ማስቀመጥ ይሻላል። ፍግ ያልኩት ይህን ነው።

ሌላው የሚያስጨንቀኝ ስለ ክብደት የምንናገረው ነው። በእኛ ዘንድ «ወፈርሽ፣ አምሮብሻል» ሙገሳ ነው፤ አክስትም ጎረቤትም በቅን ልብ ይሉታል። የ13 ዓመቷ ልጅ ግን የምትሰማው የመጀመሪያዋን ቃል ነው። ቤተሰብ ስለ ልጁ ክብደት ደጋግሞ ማውራቱ ጤናማ ካልሆነ ምግብ መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች ያሳያሉ። በጉርምስና ክብደት መጨመር ደግሞ የእድገቱ አካል ነው፤ ኪሎው ከዕድሜ፣ ከጾታና ከቁመት ጋር ካልታየ ብቻውን ምንም አይነግረንም። እባካችሁ ሚዛኑን ለጤና ባለሙያ ተዉት።

«ወላጅ አርአያ ይሁን፣ ራሱ ይሩጥ» የሚለውም ከልክ በላይ ተወርቷል። መሮጡን አልጠላም። ነገር ግን ጥናቶቹ ሲደመሩ ከልጆች እንቅስቃሴ ጋር ይበልጥ የሚያያዘው የወላጅ ድጋፍ ነው፦ መፍቀድ፣ ጫማ መግዛት፣ ሜዳ ድረስ ማድረስ፣ ማበረታታት። (አብዛኞቹ ጥናቶች በበለጸጉ አገሮች የተሠሩ ስለሆኑ ለእኛ ስንወስዳቸው በጥንቃቄ ነው።) በራሪ ወረቀት ወደ ቤት መላክ ብቻውን ደካማ መንገድ መሆኑም ተደጋግሞ ታይቷል።

መፍቀድ ሲባል ሴቶቹን አስቡ። ወንዱ ከትምህርት ቤት መጥቶ ደብተሩን ጥሎ ኳስ ሜዳ ይሮጣል፤ እህቱ ውሃ ትቀዳለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች። ጄሪካን መሸከም እንቅስቃሴ አይደለም አልልም፤ ነው። ግን ጨዋታዋን የሚተካ አይደለም። በዚያ ላይ የወር አበባ ስትጀምር የብረት ፍላጎቷ ይጨምራል፤ ስለዚህ ምስሯን በልታ ወዲያው ሻይ ወይም ቡና ባትጠጣ፣ ብረቱን እንዳይቀንስባት ትንሽ ብትቆይ ጥሩ ነው። ሎሚ ቢጨመርበት ደግሞ ሰውነቷ ብረቱን በደንብ ይወስዳል። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ ዓሣ የምትገዙ ከሆነም ልጆቹን ይዛችሁ በእግር ሂዱ፤ የሐይቁ ዳር ለመራመድ የተመቸ ነው። ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ብልሃርዚያ አለ።

የእንሰቱ ምሳሌ የማይደርስበት ቦታም አለ። እንሰት ከጓሮ አይወጣም፤ ልጅ ግን ይወጣል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ለስላሳና ቦምቦሊኖ ብቻ ከሆነ፣ ግቢው ውስጥ መሮጫ ከሌለ፣ ጥፋቱን «የወላጅ ተሳትፎ ጎደለ» ብሎ ወደ ቤት መላክ ትክክል አይደለም። ስብሰባውን በሥራ ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ጠርቶ የቀረውን ወላጅ ግድ የለሽ ማለትም እንደዚያው ነው።

የማውቃቸው አንዲት እናት በኢንዱስትሪ ፓርኩ በሺፍት ይሠራሉ። ሥራ ሊገቡ ሲሉ ጎመኑንና ምስሩን ሠርተው ይወጣሉ፤ ለስላሳን ለበዓል ብቻ አድርገውታል። ውሃ መቅዳቱን ለሴቷና ለወንዱ ልጃቸው በየተራ አካፍለው፣ ከ11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ የልጅቷ እንዲሆን ወስነዋል። አሁን ከሰፈሩ ልጆች ጋር መረብ ኳስ ትጫወታለች። በትምህርት ቤቱ የስብሰባ መዝገብ ላይ ከእናትየዋ ስም ፊት ለፊት ያለው ቦታ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነው።