የዘጌ ጦጣና የፕሮስቴት ዕጢ

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የተሻገረ ሰው በቡናው ጫካ ውስጥ ጦጣ ማየቱ አይቀርም። ወንዱን ልብ ብሎ ያየ የቆለጡ ከረጢት ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ መሆኑን ያስተውላል። ከውስጥ ደግሞ፣ ከሽንት ፊኛው ሥር፣ ከሽንት ቧንቧው ጋር ተያይዞ የተቀመጠ ዕጢ አለ። ፕሮስቴት ነው። እኛም አለን።

ሥራው ከዘር ጋር የሚወጣውን ፈሳሽ ከፊሉን ማመንጨት ነው። በዝንጀሮና ማካክ በተባለው የእስያ ጦጣ ዕጢው ላይኛና ታችኛ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። የላይኛው ክፍል ዘሩ እንዲረጋ ያግዛል። በሰው ግን ሁሉም አንድ ላይ ተጣብቋል።

ዕጢው ሊቆጣ፣ ሊያብጥ ወይም ካንሰር ሊይዘው ይችላል። ማበጡ በእንክብካቤ ሥር ባረጁ ቺምፓንዚዎችና ዝንጀሮዎች ላይ ታይቷል። ካንሰሩ ግን በእነሱ ላይ ብርቅ ነው። በሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ በ50ዎቹ ዕድሜ ካሉ ወንዶች ግማሽ ያህሉ የዕጢ ማደግ ምልክት አላቸው፣ በ80ዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ።

መነሻው እርጅናና የወንድ ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን፣ ቴስቶስቴሮን፣ ዕጢው ውስጥ ወደ ጠንካራ ዓይነት ይለወጥና ያሳድገዋል። ለዚህ ነው ሙክት ትንሽ ፕሮስቴት ያለው። ቻርልስ ሀጊንስ የተባለ ሐኪምም በ1941 እ.ኤ.አ. ሆርሞኑን መቀነስ የፕሮስቴት ካንሰርን እንደሚገታ አሳየ። በ1966 ኖቤል ተሸለመበት።

ውሻም ፕሮስቴቱ ያብጣል። የእሱ ግን ወደ ውጭ ስለሚያድግ አንጀቱን ተጭኖ ዓይነ ምድር ይከለክለዋል። የሰው ወደ ውስጥ ቧንቧውን ያጠባል። ሽንት ይቀጥናል፣ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳል። ብዙ አባቶቻችን ይህን «የእርጅና ነው» ብለው ዝም ይሉታል። በጣም ያሳዝነኛል፤ በጊዜ የመጣ ሰው በመድኃኒት ብቻ እፎይ ሊል ይችላል።

ፕሮስቴት የሚያመነጨውና በሰው ደም የሚለካው ፒኤስኤ የተባለ ፕሮቲን በአፍሪካና በእስያ ጦጣዎችም ይገኛል። አይጥ ግን የለውም። ስለዚህ ዕጢውን ለሚያጠና ሰው ጦጣ ከአይጥ ይልቅ ይቀርበናል።

የዘጌው ጦጣ ግን ለምርመራ አይመችም። ከውሻና ከገበሬው ወንጭፍ አምልጦ ማርጀቱ ራሱ ቀላል አይደለም። አርጅቶም ቢታመም ሽንት አስቸገረኝ አይል። በማደንዘዣ ካልተያዘና በአልትራሳውንድ ካልታየ፣ ወይም ሲሞት ሬሳው ካልተከፈተ፣ የዕጢውን ነገር ማወቅ አይቻልም።