ኤርታግን ሳተላይት አያየውም

ስልክ ጥገና ነው የምሠራው። «ኤርታጌ ቦታውን አላሳይ አለኝ፤ ሳተላይቱ ጠፋበት እንዴ?» ሳልባል የማልፈው ሳምንት የለም።

ኤርታግ ጂፒኤስ፣ ማለትም ቦታን ከሳተላይት የሚያሰላ መሣሪያ፣ የለውም። ደግሜ ልበለው፤ የለውም። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጥ፣ 11 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ የጠፋ ዕቃ ለመፈለግ የሚያገለግል የአፕል ክብ ዕቃ ነው። ዋና ሥራው በብሉቱዝ «አለሁ፣ አለሁ» ማለት ነው። በአጠገቡ የሚያልፍ የማንም ሰው አይፎን ይሰማውና ያለበትን ቦታ በኢንተርኔት ይልካል። እናንተ ካርታው ላይ የምታዩት ያንን ነው። መልእክቱ የተመሰጠረ ስለሆነ ባለስልኩም አፕልም አያነቡትም። አይፎን ካላለፈ ግን ወሬ የለም።

አንድ ደንበኛዬ መኪናው ውስጥ ኤርታግ ደብቆ ለወንድሙ አዋሰው። ወንድምየው ገጠር ገባ፤ የያዘው ስልክ አንድሮይድ ነው። ካርታው ሁለት ቀን ሙሉ ደብረ ብርሃን ላይ ቆመ። ሰውየው መኪናዬ ተሰረቀ ብሎ ሲደውል አደረ። ስልኩን ተቀብዬ አሳየሁት፤ ከቦታው ስም ሥር «ከ2 ቀን በፊት» ይላል። እሷን መስመር አላነበባትም። እባካችሁ መጀመሪያ እሷን አንብቡ።

ለሻንጣ ግዙት፤ ኤርፖርት አይፎን የሞላበት ስለሆነ በደንብ ይሠራል። ገጠር ለሚወጣ መኪና ግን ሲም ካርድ የሚገባበት ጂፒኤስ ይሻላል። እሱ ቦታውን ከሳተላይት አስልቶ በስልክ ኔትወርክ ይልክላችኋል። ካርድ መሙላት አለው፣ ኔትወርክም ይፈልጋል።

«ሳተላይቱ የት እንዳለሁ ያውቃል»? አያውቅም። ከመሬት በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ሰዓቱንና ቦታውን ይናገራል እንጂ እናንተን አይሰማም። ቢያንስ የአራቱን ሰምቶ የሚያሰላው ስልካችሁ ነው።

«ያለ ኢንተርኔት ጂፒኤስ አይሠራም»? ይሠራል። ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ።

«ኤርታግን ሰው ቦርሳ ውስጥ ብጥለው አይታወቅም»? ይታወቃል፤ ነውርም ነው። ከባለቤቱ ርቆ ሲቆይና ሲንቀሳቀስ ራሱ ይጮኻል። ያ ወንድምየውም ወንበር ሥር ጩኸት ሰምቶ ነበር። የተጣለበት ሰው ስልክም፣ አይፎን ይሁን አንድሮይድ፣ ያስጠነቅቃል።

«ቻርጅ ይደረጋል»? አይደረግም። ሲአር2032 የሚባል ትንሽ ክብ ባትሪ ነው፤ ዓመት ገደማ ይቆያል። ስትገዙ ማሸጊያውን እዩ። ሕፃናት እንዳይውጡት መራራ ነገር የተቀባ ዓይነት አለ፤ እሱ አንዳንዴ አልሠራ ይላል። ያልተቀባውን ግዙ፤ አሮጌውንም አዲሱንም ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡ።