በጠፈር ውስጥ የቦታ ትርጉም

በጠፈር ውስጥ የአንድ አካል ቦታ የሚነገረው ከሌላ አካል አንጻር ብቻ ነው፤ ርቀት የሚለካበት፣ ተተክሎ የቆመ ችካል የለምና። 8 ሰዓት ሙሉ የተኛ ሰው ከአልጋው ንቅንቅ ሳይል ቢነቃም፣ ምድር ፀሐይን በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘች ስለምትዞር፣ ከፀሐይ አንጻር 860,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዷል፤ ይህም ከምድር እስከ ጨረቃ ካለው ርቀት እጥፍ ይበልጣል። ተኝቷልም ተጉዟልም ማለት እኩል ትክክል ነው።

ፀሐይም በበኩሏ ፕላኔቶቿን አስከትላ የጋላክሲያችንን የፍኖተ ሐሊብን ማዕከል በሰከንድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ትዞራለች፤ አንዱን ዙር ለመጨረስም ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅባታል። በመሆኑም ምድር ዓመቷን ጨርሳ «ወደ ነበረችበት ተመለሰች» ሲባል፣ አባባሉ የሚሠራው ከፀሐይ አንጻር ሲታይ ነው እንጂ፣ ከጋላክሲው ማዕከል አንጻር የአምናው ስፍራ ወደ 7 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ቀርቷል። ምኅዋሯን የተዘጋ ክብ አድርጎ መሳል ያስለመደን የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ነው።

በጋላክሲዎች ዘንድ ነገሩ ይወሳሰባል። ጎረቤት ጋላክሲዋ አንድሮሜዳ ወደ ፍኖተ ሐሊብ በሰከንድ 110 ኪሎ ሜትር ያህል እየቀረበች ነው። እጅግ ሩቅ የሆኑት ግን የሚርቁን በዋነኛነት በመካከላችን ያለው ጠፈር ራሱ እየሰፋ በመሄዱ ነው።

ይህ ሁሉ ለሥነ ፈለክ ባለሙያ የዕለት ሥራ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሊ በ1718 እ.ኤ.አ. ሲርየስን የመሰሉ ደማቅ ከዋክብት ጥንት ከተመዘገቡበት ስፍራ ፈቀቅ ማለታቸውን አስተዋለ። የባርናርድ ኮከብማ በሰማይ ላይ የጨረቃን ስፋት ያህል ለመሄድ 180 ዓመት ገደማ ይበቃዋል። ጀምስ ብራድሊ ደግሞ በ1728 ሌላ ነገር ገለጠ፦ በዝናብ የሚሮጥን ሰው ጠብታው ከፊት እንደሚመታው ሁሉ፣ በምድር ሩጫ ምክንያት የከዋክብት ብርሃንም ዘመም ብሎ ይደርሰናል፤ ኮከቡም ከእውነተኛው አቅጣጫ እስከ 20 የቅስት ሰከንድ ያህል ተዛንፎ ይታያል (አንድ የቅስት ሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው)። ስለዚህ በከዋክብት መዝገብ ውስጥ ከእያንዳንዱ አቀማመጥ ጋር ዘመኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ የ2000 እ.ኤ.አ. መባቻ፣ አብሮ ይጠቀሳል።

ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰማይ አካላት ቦታ የሚለካበት ዋናው ማመሳከሪያ የኳሳሮች (እጅግ ሩቅ የሆኑ ጋላክሲዎች ደማቅ ማዕከላት) ስብስብ ነው፤ ከርቀታቸው የተነሣ እንቅስቃሴያቸው አይታወቅምና። እነሱም ቢሆኑ ፍጹም አልሆኑም፦ ፀሐይ በጋላክሲው ውስጥ ስትዞር አቅጣጫዋ ቀስ በቀስ ስለሚታጠፍ፣ የኳሳሮቹ አቀማመጥ በዓመት አንድ የቅስት ሰከንድ ለሚሊዮን ተከፍሎ ከክፍሎቹ 5 ያህሉን የተዛወረ ይመስላል፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሥራ ላይ ያለው የማመሳከሪያው ሦስተኛ ዕትም ይህችንም አስልቶ ያርማል።